ኮፈኑ ረዘመ፣ ሞተሩ የታለ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ጣሪያቸው ስለሚገለጥ የኤሌክትሪክ የቅንጦት መኪኖች ናቸው።

«መርሴዲስ ማይባክ 6 ካብሪዮሌትን በፎቶ አየሁት። ከፊት ሞተር ከሌለ ያን ያህል ኮፈን ምን ያደርጋል?» (ተማሪ፣ ደሴ)

ዓይንህ ጥሩ ነው። መኪናው በ2017 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ፔብል ቢች ላይ የታየ የሐሳብ መኪና፣ ማለትም ለትርዒት የተሠራ ናሙና ነው። ርዝመቱ 6 ሜትር ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው፤ የሚጭነው ግን ሁለት ሰው። ባትሪው ወለሉ ሥር ተነጥፏል፣ አራት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች አሉት፣ ጉልበቱ 750 የፈረስ ጉልበት ነው። ኮፈኑ እንግዲህ ለዓይን ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ትልቅ የነዳጅ ሞተር ረጅም አፍንጫ ይፈልግ ስለነበር፣ ያ ሞተር ከሄደም በኋላ አፍንጫው የሀብት ምልክት ሆኖ ቀረ። የሙሽራ ካባ በሉት፤ ማንም ለብርድ አይለብሰውም።

እኔን የማረከኝ ሌላው የሐሳብ መኪና፣ የ2021 እ.ኤ.አ. አውዲ ስካይስፊር ነው። አካሉ 25 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ያጥራል። ራሱን ሲነዳ መሪውና ፔዳሉ ይደበቃሉ፣ የተጨመረው ርዝመትም ለእግር ይሆናል። እዚህ ርዝመቱ ሥራ አለው።

«ሐረጎን ስወርድ ፍሬኔ ይግላል። ኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ ባትሪ ይሞላል ይሉኛል፤ ስንት ይሞላልኛል?» (ሾፌር፣ ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ እስቲ እናስላው። በሐረጎ ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከፍታው ወደ 600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያን ሲወርድ 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይለቃል። ጎማውና ንፋሱ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ በእኔ ግምት ባትሪ ውስጥ የሚገባው ከሁለት ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው። ሽቅብ ሲመለሱ ከዚያ በላይ ይበላል፣ ስለዚህ ትርፍ አይጠብቁ። ዋናው ጥቅም ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን መያዙ ነው፤ በማርሽ ይዞ እንደ መውረድ፣ ፍሬንዎ ያርፋል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ደሴ ላይ ባትሪውን ጢም አድርገው ሞልተው አይነሱ። የሞላ ባትሪ የቁልቁለቱን ጉልበት የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው መያዙ ይደክማል፣ ሥራውም ተመልሶ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

«ጣሪያው ሲነሳ አካሉ አይላላም?» (ሐይቅ)

ይላላል እንጂ። የጫማ ካርቶን ክዳኑን አንስተሽ ጠምዝዢው፣ ታዪዋለሽ። ለዚህ ነው በበሮቹ ሥር ያለው ብረት የሚጠነክረው። ወለሉ ሥር ያለው ጠንካራ የባትሪ ሳጥንም ያግዛል።

«የሙሽራ መኪና አከራያለሁ። ማይባኩን አስመጥቼ ባሠራውስ?» (ወልድያ)

ለገበያ አልወጣም፤ ለትርዒት የተሠራ ነው። ኤሌክትሪክ መምረጥዎ ግን ልክ ነው፤ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል። በሌሎች አገሮች የሚሸጡ ጣሪያ ገላጮች አሉ። ማሴራቲ ግራንካብሪዮ ፎልጎሬ አራት ወንበር አለው፣ ዋጋው ግን አይነሳ። ኤምጂ ሳይበርስተር ይረክሳል፣ በሮቹም ወደ ላይ ስለሚከፈቱ ለቬሎ ይመቻሉ። ወንበሩ ግን ሁለት ነው፤ ሹፌር ካስቀመጡ ሙሽራዋ ብቻዋን ትሄዳለች። ሙሽራው ራሱ ይንዳ፣ ሚዜዎቹ በባጃጅ ይከተሉ።