ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አንገቴ ቀጭ ካለ ወዲህ ዓይኔ አንሷል

ጥያቄ፦ 36 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ሳምንት ፀጉር ቆራጩ ማሳጅ ሲያደርግልኝ አንገቴን ጠምዝዞ ቀጭ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ከግራ አንገቴ እስከ ጆሮዬ ሥር ያመኛል። ዲክሎፈናክ እየወሰድኩ ነው። ባለቤቴ «ግራ ዓይንህ አንሷል» ትላለች። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ ሰጠችኝ። ባልደረባዬ በ38 ዓመቱ ስትሮክ ይዞት አልጋ ላይ ነው። እኔም እንደሱ እሆን ይሆን?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ይገባኛል። አብዛኛው የአንገት ሕመም የጡንቻ ነው፣ በራሱ ይለቃል። የርስዎን ግን እንዲሁ አላልፈውም። ያሳሰበኝ ዓይንዎ ነው።

አንገት ሲጠመዘዝ፣ አልፎ አልፎ፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሥር ከውስጥ ይሰነጠቃል። ደም ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ያሳብጠዋል፣ ይረጋል። የረጋው ተነስቶ አንጎል ውስጥ ሲሰካ ስትሮክ ይሆናል። ግፊትም ስኳርም የሌለበትን ወጣት ይይዛል።

የዓይን ቆብን የሚያነሳና ብሌንን የሚያሰፋ ነርቭ ይህን ደም ሥር ታክኮ ያልፋል። ደም ሥሩ ሲያብጥ ነርቩ ይጎዳል። እስቲ የመታወቂያዎን ፎቶ ይዘው መስታወት ፊት ይቁሙ። የግራው ቆብ ከፎቶው ዝቅ ብሏል? መብራቱን ቀነስ ያድርጉ፤ የግራው ብሌን ከቀኙ ጠቦ ቀርቷል? ልዩነት አላየሁም ብለው ደግሞ እንዳይቀሩ። ፊትዎን ከርስዎ ይልቅ ባለቤትዎ ያውቁታል።

ምች አንዱን ብሌን ለይቶ አያጠብም! እናትዎን አከብራለሁ፤ ያናደደኝ ዳማ ከሴው ሳይሆን ሳይመረመሩ ያለፈው ሳምንት ነው። ዲክሎፈናኩም ሕመሙን ሸፈነልዎ እንጂ ሌላ አልፈየደም።

ዛሬውኑ ሲቲ ስካን ያለው ሆስፒታል ይሂዱና «አንገቴ ከተጠመዘዘ ወዲህ ዓይኔ አንሷል» ብለው ይንገሩ። የሚያስፈልግዎ የአንገት ደም ሥር ሲቲ አንጂዮግራፊ፣ ማለትም ደም ሥሩን ለይቶ የሚያሳይ የሲቲ ምርመራ ነው። ግፊት ለክተው «ደህና ነህ» ቢሉዎ እሺ ብለው አይመለሱ። አስፒሪንም በራስዎ አይጀምሩ፤ አንጎል ውስጥ ደም አለመፍሰሱ መጀመሪያ ይታይ።

እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተኮላተፈ 907 ይደውሉ። አምቡላንሱ ከዘገየ ታክሲ ይያዙ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ከናንተ ሰፈር መሃል ከተማ እስኪገባ መንገዱ ምን ያህሉን እንደሚበላ ያውቁታል።

ተሰንጥቆ ቢገኝስ? በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና፣ በአስፒሪን ወይም በደም ማቅጠኛ፣ በወራት ውስጥ ይድናል። እስከዚያ ወጌሻም ሆነ ፀጉር ቆራጭ አንገትዎን እንዳይነካው።