አማትሽ የሚሉትን ለራስሽ አትቀበዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የመጀመሪያ ልጅሽ የእርግዝና ስኳር ይዞሽ በኦፕሬሽን 4 ኪሎ ከ200 ሆኖ ተወለደ፤ አሁን በ5 ዓመቱ ከእኩዮቹ ይከብዳል፤ አማትሽ ደግሞ «ያኔ ዝም ብለሽ ስለበላሽ ነው» ይሉሻል። ሁለተኛውን አርግዘሽ፣ ሆድ ውስጥ የሆነው ነገር ልጁን ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል ወይ ብለሻል። እኔ ሜሪላንድ ነው ሁለቱንም የወለድኩት፤ አንዷ ግዙፍ፣ አንዱ እፍኝ የማይሞላ ነበሩ።

የእርግዝና ስኳር በመብላት ብቻ አይመጣም። ከእንግዴ ልጁ የሚወጡት ሆርሞኖች የእናቲቱ ኢንሱሊን፣ ማለትም የደም ስኳርን የሚያወርደው ሆርሞን፣ በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋሉ፤ በዘሯ ስኳር ያለባት ሴት ላይ ይብሳል። ስኳሩ ወደ ጽንሱ ያልፋል፣ ኢንሱሊኗ ግን አያልፍም። ስለዚህ የጽንሱ ቆሽት ራሱ ብዙ ኢንሱሊን ያመነጫል፣ ትርፉ ስኳር ስብ ሆኖ ይከማቻል። እንዲህ የተወለደ ልጅ ኋላ የመወፈር ዕድሉ ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ግን አይቀሬ አይደለም። የኔዋ 4 ኪሎ ከ300 ነበረች፤ ዛሬ 9 ዓመቷ ነው፣ ኪሎዋ ከቁመቷ ጋር ይሄዳል፣ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ስለ ኦፕሬሽኑ ብዙ አትጨነቂ፤ በኦፕሬሽን የሚወልዱት ብዙዎቹ ቀድሞውንም ኪሎ ያላቸው እናቶች ስለሆኑ፣ ውፍረቱን ያመጣው ኦፕሬሽኑ ነው ማለት ይከብዳል።

እኔን ያሳሳተኝ ትንሹ ነው። ግፊት ይዞኝ በ33 ሳምንት ወለድኩት፣ 1 ኪሎ ከ700፤ ሙቀት ክፍል 24 ቀን ቆየ። ቤት ስንገባ ሁሉም «አጥግቢው» አለኝ። ጠግቦ ፊቱን ሲያዞር ጡጦውን መልሼ አፉ ውስጥ እከት ነበር። ዓመት ሲሞላው ጉንጩ ሞላ፣ የመጣው ሁሉ «ተመስገን!» ይላል፣ እኔም ልቤ ይሞላል። ሐኪሟ ግን የእድገት ሰንጠረዡን ዘርግታ አሳየችኝ፦ ቁመቱ ባለበት መስመር ነው፣ ክብደቱ መስመር እየዘለለ ይወጣል። ትንሽ ሆኖ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኪሎ መጨመር አለበት፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። ከዚያ በኋላ በጥድፊያ ሲወፍር ግን ሲያድግ ለውፍረት፣ ለስኳርና ለልብ በሽታ ይጋለጣል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1944 ወደ 45 በነበረው የብርድ ወቅት ሆላንድ በጀርመን ወረራ ሥር ሳለች ረሃብ ገብቶ ነበር። ያኔ ሆድ ውስጥ የነበሩት ወንዶች በ19 ዓመታቸው ለውትድርና ሲመረመሩ፣ እናቶቻቸው በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ የተራቡት ላይ ውፍረት በዝቶ ተገኘ። ስለዚህ ስኳሩን ፈርተሽ ራስሽን አታስርቢ። አገር ቤት «ልጁ ገዝፎ ምጥ እንዳይከብድ» ብለው የሚቀንሱ አሉ፤ እባክሽ አንቺ አታድርጊው። ኪሎሽ ከማርገዝሽ በፊት መካከለኛ ከነበረ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ መጨመር የተለመደ ነው፤ ከፍ ያለ ከነበረ ከ7 እስከ 11.5። የስኳር ምርመራው ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 28 ሳምንት ቢሆንም፣ አንቺ አንዴ ስለያዘሽ አሁኑኑ እንዲያዩልሽ ጠይቂ።

ልጄ አሁን 6 ዓመቱ ነው። ሲሮጥ ቶሎ ያለከልካል፤ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ልጆች ሳንባ ላይ ይህ ይታያል። እሱ ስላለከለከ ግን አላስቀመጥኩትም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ዋና እወስደዋለሁ፣ ከአምናው ዘንድሮ በጣም ይሻላል። የአንቺንም ልጅ «ከብዶታል» ብለሽ ከጨዋታ አታስቀሪው፤ ጭማቂና ለስላሳውን ግን ከቤት አውጪ።

አንድ ነገር ደግሞ ለራስሽ። ከወለድሽ በኋላ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ስኳርሽን ተመርመሪ። እኔ ከመጀመሪያዋ በኋላ ሕፃን ይዤ ማን ይሄዳል ብዬ ተውኩት፤ ሁለተኛውን ሳረግዝ ገና በመጀመሪያው ክትትል ስኳሬ ከፍ ብሎ ተገኘ።