ቡስተር መጨመር እንዲህ ቀላል አይደለም

"ኤስኤልኤስ ሮኬት ሁለት የጠጣር ነዳጅ ቡስተር ካለው ለምን አራት አያደርጉትም?" ላልከው (ኤስኤልኤስ የናሳ የጨረቃ ሮኬት ነው፤ ቡስተር ደግሞ ሲነሳ ተጨማሪ ግፊት እንዲሰጥ ጎኑ ላይ የሚታሰር ሮኬት)፦

ወንድሜ፣ ማሰር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ትናንት ቸርችል ጎዳና ዳገቱ ላይ የቆመ ሚኒባስ ስንገፋ፣ አንዱ ጎረምሳ በሙሉ ጉልበቱ የኋላ በሩን ገፍቶ ላሜራውን አጎደጎደው (ሾፌሩ ምን እንዳለን አልጽፈውም)። ሮኬትም ያው ነው። ጥያቄው ጉልበቱ የት ያርፋል ነው። የኤስኤልኤስ ቡስተሮች ዋናውን ግፊታቸውን የሚያሳርፉት በሁለቱ የነዳጅ ታንኮች መሀል ባለው ጠንካራ ክፍል ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ የተነደፈው ለሁለት ነው። ሌላ ሁለት ካልክ አካሉን እንደ አዲስ ልትነድፈው ነው፣ ክብደትም ይጨምራል።

ክብደት ካልን፣ አንዱ ቡስተር ብቻውን ወደ 725 ቶን ነው። ፈሳሽ ነዳጅ የሚሞላው ማስወንጨፊያው ላይ ነው። ጠጣሩ ግን ከነነዳጁ ተገጥሞ ነው ወደዚያ የሚጓዘው፣ ስለዚህ መድረኩም ማጓጓዣውም ያንን ሁሉ መሸከም አለባቸው።

ደግሞ አንዴ ከተለኮሰ አይጠፋም! ግፊቱ መቼ ቀነስ እንደሚል ቀድሞ በነዳጁ ቅርፅ ይወሰናል እንጂ በረራ ላይ አታስተካክለውም።

አትላስ 5 የሚባለው ሌላ ሮኬት እስከ 5 ቡስተር ይይዛል፣ እውነት ነው። ግን ትንንሾች ናቸው፣ ሮኬቱም ከመጀመሪያው ታስቦበት ነው የተሠራው።