ለችፌ ከሚዋጡትና ከሚወጉት የትኛው ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 29 ነው፤ በሐይቅ ከተማ መምህርት ነኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በክርኔ እጥፋት፣ በአንገቴና ከጉልበቴ ኋላ ችፌ ይወጣብኛል። ወንድሜም አስም አለበት። ቅባት ስቀባ ይሻለኛል፣ ከዚያ ይመለሳል። ባለፉት ሁለት ዓመታት ሲብስብኝ ፕሬድኒሶሎን ከመድኃኒት ቤት እየገዛሁ ለአንድ ሳምንት እውጣለሁ፤ ወዲያው ይጠፋልኛል፣ ስተወው ግን ከበፊቱ ብሶ ይመጣል። ደሴ ያዩኝ ሐኪም ሜቶትሬክሴት አዘዙልኝ። በማሸጊያው ውስጥ ያለው ወረቀት የካንሰር መድኃኒት ነው ስለሚል ፈርቼ አልጀመርኩትም። ሳዑዲ ያለችው እህቴ ደግሞ ዱፒሉማብ የሚባለው መርፌ ከሁሉም ይበልጣል ብላ ልትልክልኝ ተነሥታለች። በእውነት የሚበልጠው የትኛው ነው? በሚመጣው ዓመት ልጅ ለመውለድ ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል።

መልስ፦ መጨረሻ ላይ የጻፉት ዓረፍተ ነገር የቀረውን ሁሉ ስለሚለውጥ ከእርሱ እጀምራለሁ። ሜቶትሬክሴትን አለመጀመርዎ ጥሩ ሆኗል፤ ምክንያቱ ግን ካንሰር አይደለም። ለችፌ የሚሰጠው መጠን ለካንሰር ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነው፤ በዚህ መጠን ለመገጣጠሚያ ሕመምና ለቆዳ በሽታ ለረጅም ዓመታት ሲሰጥ ኖሯል። እርስዎን የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ይህ መድኃኒት ፅንስን ይጎዳል፣ ያስወርዳልም። የምትወስደው ሴት እርግዝና መከላከያ መጠቀም ይኖርባታል፤ ለማርገዝ ስታስብም ቀደም ብላ አቁማ ጥቂት ወራት እንድትጠብቅ ይመከራል። ስለዚህ ያዘዙልዎትን ሐኪም ተመልሰው ያግኙና የመውለድ ሐሳብዎን በግልጽ ይንገሯቸው።

አሁን ወደ ንጽጽሩ ልሂድ። መድኃኒቶቹን ያነጻጸሩት ጥናቶች አብዛኞቹ ውጤቱን የሚለኩት ሕክምናው በተጀመረ በ16ኛው ሳምንት ላይ ነው። በዚያ መለኪያ ከፊት የሚቆሙት እንደ ኡፓዳሲቲኒብና አብሮሲቲኒብ ያሉት አዳዲስ ክኒኖች ናቸው፣ በተለይ መጠናቸው ከፍ ሲል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት ኡፓዳሲቲኒብና ዱፒሉማብ ፊት ለፊት ተፈትነው ነበር። ችፌው ቢያንስ በሦስት አራተኛ የቀነሰላቸው ሰዎች ክኒኑን ከወሰዱት መካከል 71 በመቶ፣ መርፌውን ከተወጉት መካከል 61 በመቶ ገደማ ነበሩ። እንግዲህ የእህትዎ መርፌ በጣም ጥሩ መድኃኒት ነው፣ በጉልበት ግን ከሁሉም አይበልጥም።

ጉልበት ብቻውን ግን አያስመርጥም። እነዚያ ክኒኖች የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ አልማዝ ባለጭራን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ ተደብቆ የቆየ የሳንባ ነቀርሳንም ሊያስነሡ ስለሚችሉ ሳይመረመሩ አይጀመሩም። በእርግዝና ወቅትም አይሰጡም። ዱፒሉማብ የሰውነትን መከላከያ በማዳከም በኩል ገር ነው፤ ጎልቶ የሚታወቀው ጉዳቱ የዓይን መቅላትና መቆርቆር ነው። ሆኖም የሆድ ትላትል ያለበት ሰው አስቀድሞ መታከም አለበት፤ ይህ ደግሞ በእኛ አገር ችላ የሚባል ነገር አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ ሳይቋረጥ መወጋትን ይጠይቃል፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት በሻንጣ ተጉዞ ሐይቅ ሲደርስ ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሚሆን አስቡት። እህትዎ በፍቅር እንዳሰበችው አውቃለሁ፤ ቢሆንም እንድትልክልዎ አልመክርም።

ወደ ነባሮቹ ስንመጣ፣ በፍጥነት የሚሠራው ሳይክሎስፖሪን ነው። መጠኑ ከፍ ሲል ከአዳዲሶቹ ጋር የሚቀራረብ ውጤት አለው፤ ማሳከኩም ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ሜቶትሬክሴትና አዛቲዮፕሪን ቀስ ይላሉ፤ የሁለት ወይም የሦስት ወር ትዕግሥት ይጠይቃሉ። መዘግየት ግን መሸነፍ አይደለም። በብሪታንያና በአየርላንድ 103 ልጆች ላይ ሳይክሎስፖሪንና ሜቶትሬክሴት ተነጻጽረው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። በ12ኛው ሳምንት ሳይክሎስፖሪን ቀደመ፤ ሕክምናው ከቆመ በኋላ ግን በሜቶትሬክሴት የታከሙት ልጆች ችፌያቸው ያገረሸው ባነሰ ሁኔታ ነበር። ለእኔ ከብዙ ሰንጠረዥ የበለጠ ያስተማረኝ ይህ ጥናት ነው። ሩጫው የት ላይ እንደሚለካ ካልታወቀ አሸናፊውን መናገር አይቻልም።

ለእርስዎ፣ የመውለድ ሐሳብ ይዘው ከውስጥ የሚያክም መድኃኒት የግድ ካስፈለገ፣ ከነባሮቹ መካከል ከሐኪም ጋር ልትመክሩበት የሚገባው ሳይክሎስፖሪን ነው። አስፈላጊ ሲሆን በእርግዝናም ይሰጣል። ኩላሊትን ስለሚጎዳና የደም ግፊትን ስለሚጨምር ግን ከመጀመሩ በፊትም በየጊዜውም ደምና ግፊት ይለካል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአንድ ዓመት ያህል በላይ አይቀጥልም። ይህን ክትትል ማድረግ የማይችሉ ከሆነ አይጀምሩት።

ፕሬድኒሶሎንን በሚመለከት በጥብቅ እለምንዎታለሁ። ችፌውን ወዲያው ማጥፋቱ የፈውስ ምልክት አይደለም፤ ሲቆም ችፌው ብሶ መመለሱ የታወቀ ጠባዩ ነው። በተደጋጋሚ ሲወሰድ አጥንትን ያሳሳል፣ ስኳርንና ግፊትን ይጨምራል። ከዚህ በኋላ ከመድኃኒት ቤት በራስዎ አይግዙት። አሁን ለሳምንታት ያህል ሳያቋርጡ እየወሰዱት ከሆነ ግን በድንገት አይተዉት፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስልዎት።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ማሳከኩ ሌሊት ሌሊት ነው የሚብሰው? ባለቤትዎስ ያካቸዋል? ከሆነ በችፌው ላይ እከክ ተደርቦ ሊሆን ይችላል፤ እከክን ደግሞ ከላይ ከቆጠርኳቸው መድኃኒቶች አንዳቸውም አያድኑትም። እንደ እኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ችፌ መቅላቱ ስለማይታይ፣ ጠቆር ብሎ ወይም ፍርፍር ብሎ ስለሚወጣ፣ በቅጡ ያላየ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ለዚህ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ስለሆነ እዚያ ቢታዩ ደስ ይለኛል። ሲሄዱ እስካሁን የተቀቡትንና የዋጡትን ሁሉ፣ ባዶ ቱቦውንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። እስከዚያው ድረስ ገላዎን በታጠቡ ቁጥር ቆዳዎ ሳይደርቅ ቫዝሊን በብዛት ይቀቡ።