ጃፓንኛ ሳትችይ ራኩጎ ማየት? ሂጂ፣ ግን ተረቱን ቀድመሽ እወቂው

ጥያቄሽን አየሁት። በመጋቢት ለሥልጠና ቶኪዮ ልትሄጂ ነው፣ ጃፓንኛ አትችይም፣ ራኩጎ የሚባለውን፣ አንድ ሰው ትራስ ላይ ተንበርክኮ ብቻውን የሚያወራበትን ትርዒት ማየት አምሮሻል፣ ጓደኞችሽ ደግሞ «ሳይገባሽ ገንዘብሽን አትበትኚ» ብለውሻል። እኔ ቶኪዮ አራት ዓመት ተምሬያለሁ፣ ራኩጎ ቤት ስንት ጊዜ እንደገባሁ ቆጥሬ አላውቅም። መልሴ ሂጂ ነው። ግን እኔ መጀመሪያ እንደሄድኩት አይደለም።

ያን ቀን ምንም ሳላነብ ነው ዘው ያልኩት። ጃፓንኛዬ ያኔ ዳቦ ከመግዛት አያልፍም። ለሁለት ሰዓት ያህል ሰው ሲስቅ እያየሁ አብሬ ሳቅኩ፣ ከዚያ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት አሮጊት በክርናቸው ነካ አድርገው ቀሰቀሱኝና ከረሜላ ሰጡኝ። ሼም ነበር።

በኋላ ይሄን ለአንድ ጃፓናዊ የክፍል ጓደኛዬ ስነግረው «ተረቱን አውቀኸው ግባ» አለኝ። «መጨረሻውን ካወቅኩት ምኑ ያስቀኛል?» ብለው፣ «እኛስ የማናውቀው መሰለህ?» አለኝ። ለካ ነገሩ ይሄ ነው። የጥንቶቹ ተረቶች ከመቶ ዓመት በላይ የተወሩ ናቸው፣ አዘውትሮ የሚመጣው ተመልካች መዝጊያዋን ቃል ሳይቀር ያውቃታል። የሚመጣው ይሄኛው ሰውዬ ዛሬ እንዴት እንደሚያወራው ለመስማት ነው። እንደ ትዝታ ቁጠሪው። ትዝታን ማንም ይዘፍነዋል፣ ወሬው ማን ዘፈነው ነው።

«ቶኪ ሶባ» የሚባለውን ላውራሽ። ሶባ ሾርባ ውስጥ የሚቀርብ፣ ፓስታ የሚመስል ምግብ ነው። አንድ አራዳ ማታ ከመንገድ ሻጭ ሶባ ገዝቶ፣ ጎድጓዳ ሳህኑንም ሾርባውንም እያደነቀ ይበላል። ዋጋው 16 ሞን ነው፣ የድሮ ሳንቲም። ሻጩ እጅ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጥርና ስምንት ላይ ሲደርስ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ይለዋል። ሻጩ «ዘጠኝ» ሲል እሱ «አሥር፣ አሥራ አንድ» ብሎ ይቀጥላል። አንዷን ሞን በላት! ይሄን ቆሞ ያየ አንድ ጅል በማግሥቱ እኔም ልሞክር ብሎ ይወጣል፣ ግን ከመጓጓቱ የተነሳ ከሰዓቱ ቀድሞ ነው የወጣው። ሶባው ቀሽም፣ ሾርባው ቀሽም፣ እሱ ግን እየዋሸ ያደንቃል። ስምንት ላይ ደርሶ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ሲል ሻጩ «አራት» ይለዋል። «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት…» እያለ እንደገና ይከፍላል።

የድሮ ሰዓታቸው እኩለ ሌሊትን ዘጠኝ ነው የሚለው፣ ከዚያ ወደ ታች እየቆጠረ አራት ላይ ይቆምና እንደገና ከዘጠኝ ይጀምራል። ለዚህ ነው ፈረንጅ ተረቱን ሲያስረዱት የሚደናገረው። እኛስ? ጅሉ የወጣው በግምት ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ለኛም አራት ነው! እኩለ ሌሊቱ አይገጥምልንም፣ የኛ ስድስት ነው፣ ግን የጅሉ ሰዓት ቁልጭ ያለ የኛ ነው። ይሄን ለጓደኛዬ ስነግረው የሀበሻ ሰዓት አስረዳኝ ብሎ ግማሽ ሰዓት ያዘኝ።

ተራኪው በእጁ የሚይዘው አንድ ማራገቢያና አንድ ስስ ፎጣ ብቻ ነው። ማራገቢያው የመብያ እንጨት ይሆናል፣ ብዕር ይሆናል፣ ሰይፍ ይሆናል። ሁለት ሰው ሲያነጋግር አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ዞር እያለ ነው፣ እሱን ከያዝሽ ማን እያወራ እንደሆነ አይጠፋሽም። ሶባ የሚበላበት ቦታ ላይ ደግሞ በድምፅ ይስበዋል፣ ፉፉት ያደርገዋል (እናቴ ማዕድ ላይ ብትሰማው በጥፊ ነበር)፣ አዳራሹ ሁሉ ይርበዋል። እኔ ስወጣ ቀጥታ ሶባ ቤት ገባሁ።

አንድ ችግር አለ ግን። ዮሴ በሚባሉት መደበኛ ቤቶች የትኛው ተረት እንደሚነገር ቀድሞ አይለጠፍም። ተራኪው እዚያው ተመልካቹን አይቶ ነው የሚመርጠው። ከመድረክ ጀርባ የዕለቱ ተረት የሚመዘገብበት ደብተር አለ፣ ከሱ በፊት የተነገረ እንዳይደግም እሱን ያያል። ስለዚህ አንድ ሳይሆን አምስት ስድስት ተረት አንብበሽ ግቢ። «ጁጌሙ» የግድ ነው፣ ስሙ በጣም የረዘመ ልጅ ሌላ ልጅ ይመታል፣ ስሙ ተጠርቶ እስኪያልቅ ድረስ የተመታው ልጅ ግንባር ላይ ያበጠው ይጠፋል። «ማንጁ ኮዋይ»ም አለ፣ ማንጁ የሚባል ጣፋጭ ዳቦ እፈራለሁ ብሎ ጓደኞቹን ያታለለው ሰውዬ። ሊያስፈራሩት ማንጁ ሲከምሩበት ሁሉንም ጥርግ አድርጎ በላና፣ እውነት የምትፈራው ምንድነው ሲሉት «አሁንማ ትኩስ ሻይ» አለ።

ደግሞ ቀደም ብለሽ ግቢ። መክፈቻው ላይ የሚወጣው ዜንዛ የሚሉት ጀማሪ ነው፣ ሻይ የሚያቀርበው፣ ከበሮ የሚመታው፣ በየመሀሉ ትራሱን የሚገለብጠው ልጅ። እነሱ የሚያወሩት ብዙ ጊዜ እንደ ጁጌሙ ያለውን ቀላሉን ነው። ሌሎቹ መጀመሪያ ስለ አየሩ ስለ ባቡሩ ሲቀልዱ ምንም አይገባሽም፣ አትጨነቂ። ከኪሞኖው በላይ የደረበውን ሲያወልቅ ግን ንቂ፣ ተረቱ ሊጀመር ነው። መሀል መሀል ላይ ቋንቋ የማይፈልግም ይገባል፣ ኳስና ጃንጥላ የሚያጫውቱ፣ ወረቀት በመቀስ ቆርጠው ምስል የሚያወጡ። ሁለት ሆነው የሚጨቃጨቁት የማንዛይ ኮሜዲያኖች ሲመጡ ግን በቃ ሻይሽን ጠጪ፣ እነሱ በጣም ይፈጥናሉ።

በእንግሊዝኛ የሚሠራም አለ። አይቼዋለሁ፣ መጥፎ አይደለም፣ ግን እኔ አልመክርሽም። የብዙው ተረት መዝጊያ በቃል ድምፅ መጫወት ነው፣ እንደኛ ሰምና ወርቅ፣ ሲተረጎም ወርቁ ይወድቃል።

ቦታ ካልሽኝ ሺንጁኩ ያለው ሱኤሂሮቴይ። ኡኤኖ ያለው ሱዙሞቶ በታሪክ ይበልጣል፣ እ.ኤ.አ. ከ1857 ጀምሮ ነው፣ ሱኤሂሮቴይ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 የተሠራ የእንጨት ቤት ነው፣ ሲገባ ራሱ ደስ ይላል። መግቢያው 3,000 የን አካባቢ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር ጀምሮ እስከ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ በአንድ ቲኬት መቀመጥ ትችያለሽ። ግራና ቀኝ ታታሚ የሚሉት የሣር ምንጣፍ የተነጠፈበት መቀመጫ አለ፣ እዚያ ከተቀመጥሽ ጫማ ይወልቃል። ያልተቀደደ ካልሲ አድርጊ፣ እኔ ቀዳዳውን በሌላው እግሬ ሸፍኜ ነው አንድ ሙሉ ከሰዓት የተቀመጥኩት።