ችግኙ የጠወለገው ውሃ ጠምቶት ላይሆን ይችላል

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ በፕላስቲክ ኩባያ ቲማቲም ዘርቼ ጥሩ በቅሎልኝ ነበር። ጠዋትና ማታ አጠጣዋለሁ። አሁን ግን አንዳንዱ ከሥሩ አካባቢ እየታጠፈ ይወድቃል፤ የቀረው ጠውልጓል። ውሃ ብጨምርለትም አልተሻለውም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ውሃውን ያቁሙ። ከነገሩኝ ምልክት እንደምረዳው ችግኝዎን የጎዳው ውሃ መብዛቱ ነው። ሲጠወልግ ተጠማ ብሎ ውሃ መጨመር የብዙ ሰው ስህተት ነው፤ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ሥርም አየር ይፈልጋል። በአፈሩ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ ሲሞላ ሥሩ ይታፈንና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ችግኙ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል።

የሚወድቁትን ደግሞ የያዛቸው እርጥበት ያበረታው በሽታ ነው። እንደ ፓይቲየምና ራይዞክቶኒያ ያሉ ተህዋስያን ግንዱን አፈሩ አጠገብ ያቀጥኑታል። የወደቀው አይድንም። ቶሎ ከነአፈሩ አውጥተው ይጣሉት። የቀሩትን ብርሃንና ነፋሻ አየር ወዳለበት ያዛውሯቸው። ላስቲክ ሸፍነውባቸው ከሆነም ያንሱት፤ ሽፋን የሚጠቅመው ዘሩ እስኪበቅል ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ በሰዓት አያጠጡ። ኩባያውን አንስተው ክብደቱን ይመዝኑ። እኔ የምመክረው፣ አንድ ኩባያ በደረቅ አፈር ሞልተው ለማነጻጸሪያ አጠገባቸው እንዲያስቀምጡ ነው። በሁለት ሦስት ቀን እጅዎ ልዩነቱን ይለምደዋል። ቀለል ሲልና የላይኛው 1 ሴንቲ ሜትር አፈር ሲደርቅ ያን ጊዜ ያጠጡ።

ሲያጠጡም ከታች ቢሆን ይሻላል። ኩባያዎቹን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ባለው ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡ። ላዩ ወዛ ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ፣ ያውጡና ያንጠፍጥፉ። ረስተው እንዳያሳድሯቸው!

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ኩባያው ከሥሩ ቀዳዳ ካለው ነው። ከሌለው ሦስት አራት ቦታ ይብሱት። ጠጠር ከታች ማድረግ ቀዳዳን አይተካም፤ እንዲያውም ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቆማል፣ ወደ ችግኙ ሥርም ይቀርባል። የጓሮ አፈር ብቻውን ኩባያ ውስጥ ስለሚጠቀጠቅ፣ ቀለል ያለ የችግኝ ማፍያ አፈር ቢጠቀሙ ይመረጣል።

ከግማሽ በላይ ከሞተብዎት አዲስ መዝራት ይሻላል። ኩባያዎቹን በሳሙና አጥበው፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጠው 10 ደቂቃ ይዘፍዝፏቸው፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ ያለቅልቋቸው። አሮጌውን አፈር ለአዲሱ ዘር አይጠቀሙበት።