ዘጠኝ ዓመት ቀድሜ የከፈልኩት ዕዳ

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አብራኝ ትሠራ የነበረች አንዲት ወጣት የሂሳብ ባለሙያ በቅርቡ ደውላ ምክር ጠየቀችኝ። እርሷና ባለቤቷ ወደ ቱሉ ዲምቱ በኩል አንድ ኮንዶሚኒየም በባንክ ብድር ለመግዛት ተስማምተዋል። «ጋሼ፣ ሁለታችንም የማታ ሥራ ጨምረን ዕዳውን በአምስት ዓመት ብንገላገለው አይሻልም?» አለችኝ። «እስቲ አስቢበት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፤ ማሰቡ ግን የተረፈው ለእኔ ነበር። በእርሷ ዕድሜና ሁኔታ ያላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ መልሱን ለሁላችሁም መጻፍ መረጥኩ።

በ1997 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ኮንዶሚኒየም ፈላጊዎችን ሲመዘግብ ከተሰለፉት አንዱ ነበርኩ። ዕጣው ወጥቶልኝ በ2003 ዓ.ም. ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተረከብኩ። ሃያ በመቶውን ከእቁብና ከባለቤቴ ወርቅ አሟልተን፣ ሰማንያ በመቶውን በ15 ዓመት ልከፍል ፈረምኩ። ወለሉ ሊሾ ብቻ፣ ግድግዳው ቀለም ያልነካው፣ ውኃውም አራተኛ ፎቅ ድረስ መውጣት የማይሆንለት ስለነበር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በየደረጃው እያሳረፍን ነበር የምንወጣው። ወርሃዊ ክፍያው ከ900 ብር ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ ከደመወዜ ላይ ሊነሳ የሚችል ነበር። ማንም አላስቸኮለኝም።

የቸኮልኩበት ምክንያት አባቴ ይመስለኛል። ተከራይተን የምንኖርበት ቤት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጅ ቀበሌ ወሰደው፤ ኪራዩም ቀለለ። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ ደረሰኞቹን በቆርቆሮ ሣጥን እያስቀመጠ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ሳህን ከመደቀን በቀር አንድ ሚስማር ሳይመታ ኖረ። «የሰው ቤት ነው» ይል ነበር። ስለዚህ እኔም ካርታው ባንክ እጅ እስካለ ድረስ ቤቱን እንደ ሰው ቤት አየሁት፤ የወር ክፍያዬን በእጥፍና ከዚያም በላይ እያደረግሁ ለመክፈልም ቆረጥኩ።

ቀን መሥሪያ ቤት እውላለሁ፤ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ መርካቶ ወርጄ የነጋዴዎችን ሂሳብ እሠራለሁ። በተለይ ደረጃ ‹ሀ› ግብር ከፋዮች ሂሳባቸውን ዘግተው በሚያሳውቁበት ጊዜ፣ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ባለው፣ ማምሸት ብቻ ሳይሆን ቅዳሜና እሑድም ይሠራል። ታክሲ ሰልፍ ሳይበዛ ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ፤ ስመለስ ልጄ ተኝታለች።

በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ረቡዕ፣ መሥሪያ ቤት ትኩሳት ያዘኝና ሐኪም ታይፎይድ ነው ብሎ ወደ ቤት ላከኝ። ጀሞ የደረስኩት ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው። በሩ ላይ የቀኑ ዘበኛ በትሕትና ተነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ የሚከራየው ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ የደላላ ሳያወጡ ባለቤቷን ላገናኝዎት እችላለሁ» አለኝ። እዚያው ግቢ ሁለት ዓመት እንደኖርኩ ስነግረው አላመነኝም። የቤት ቁጥሬን ስጠራለት ግን ግራ በመጋባት አየኝና፣ «የሕፃኗ አባት ውጭ አገር ናቸው ሲባል የሰማሁ መስሎኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። እርሱ ከመግባቱ በፊት እወጣለሁ፣ እርሱ ከወጣ በኋላ እገባለሁ፤ ከየት ያውቀኛል?

ደረጃውን በግድ ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ በር ተከፍቷል። ልጄ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ደፉ ላይ ተቀምጣ ቆሎ ትበላለች። ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበረች፤ ትምህርት ቤቷ በፈረቃ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ እናቷ ከሥራ እስክትመለስ የት እንደምትውል ጠይቄ አላውቅም ነበር። ቀና ብላ ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ፤ ቆሎው ከጭኗ ላይ ተበተነ። «አባዬ፣ እማዬ ምን ሆነች?» አለችኝ።

አባቷ በፀሐይ ቤት የሚመጣው አንድ ክፉ ነገር ሲደርስ ብቻ እንደሆነ ነበር የገባት። ምንም አልሆነችም፣ አሞኝ ነው ብላትም አላመነችም፤ ስልክ ደውዬ የእናቷን ድምፅ እስካሰማት ድረስ እጄን ይዛ አለቀሰች። በዚያ ሰሞን የሁለተኛው ፎቅ ሴትዮ አጥሚት እያፈላች ታመጣልኝ ነበር። አንድ ቀን ለልጄ እንቁላል እንዲጠበስላት ስናገር ሰምታ፣ «እንቁላል አይስማማትም እኮ» አለችኝ። ስለ ራሴ ልጅ ለእኔ መንገሯ ነው። በመስኮቱ የፉሪን ተራራ አሻግሬ እያየሁ፣ የቁራሌውን ጥሪና የቡና ሙቀጫ እየሰማሁ ሰነበትኩ፤ ቤቱ ቀን ቀን እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ልብ ገዛሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። በሳምንቱ መርካቶ ነበርኩ፤ ሌላ አራት ዓመት እንደዚያው ቀጠልኩና በ2009 ዓ.ም. ዕዳዬን ጨረስኩ። ውሉ እንደተጻፈው ቢሄድ ኖሮ በ2018 ዓ.ም. ነበር የሚያልቀው።

በሙያዬ የማፍረውም እዚህ ላይ ነው። የሌላውን ሂሳብ ስመረምር የኖርኩ ሰው የራሴን አልመረመርኩም። ቤቱን በተረከብኩበት ዓመት መጨረሻ የዋጋ ግሽበቱ 40 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. እንደገና ከ30 በመቶ አልፏል። የእኔ ብድር ወለድ ከ10 በመቶ በታች ነበር። ደመወዝና ዋጋ ሲያድግ ያ 900 ብር ባለበት ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ዛሬ ልኳንዳ ቤት አንድ ኪሎ ሥጋ መግዛቱም ያጠራጥራል። በራሱ ጊዜ የሚቀልልኝን ሸክም ገና ከባድ ሳለ ልሸከመው ተሽቀዳደምኩ።

የእናንተ ነገር ግን የተለየ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የባንክ ወለድ እንደዚያን ጊዜው አይደለም፤ የአልሚዎች ውልም የግንባታ ዕቃ ሲወደድ ወይም ምንዛሪ ሲጨምር ዋጋውን የሚያንር አንቀጽ ሊኖረው ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እንዲህ ያለ አንቀጽ ምን እንደሚያመጣ አይታችኋል። የእናንተ ክፍያ በብር ተቆርጦ የቆመ ነው ወይስ የሚያድግ? የሚያድግ ከሆነ ከላይ የጻፍኩትን ተዉትና ፈጥናችሁ ክፈሉ። ካርታውን አጣሩ ብዬ አልመክርም፤ እርሱን ደላላውም ይነግራችኋል። ይልቅ ከመፈረማችሁ በፊት በሥራ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ሄዳችሁ ታክሲ ሰልፉ ላይ ቁሙ።

አንድ ቅሬታዬንም ልናገር። ጂፕሰሙና የኩሽና ካቢኔቱ ካላለቀ አንገባም ትላላችሁ፤ ለእርሱም ሌላ ብድር ትጨምራላችሁ። እኛ ሊሾው ላይ ፍራሽ ዘርግተን ነው የገባን። በእርግጥ እኛ በአንድ ደመወዝ የደረስንበትን ቤት እናንተ በሁለት ደመወዝም አትደርሱበትም፤ ስለዚህ ብዙ ልቆጣ አይገባኝም። ደግሞም ከባንክ ካርታዬን ተቀብዬ የመጣሁ ዕለት የተኛሁትን እንቅልፍ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ተኝቼ አላውቅም። ልጄ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷት ነበር። ካርታውን ላሳያት ክፍሏን ባንኳኳ፣ «እያጠናሁ ነው አባዬ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ለዚያች ወጣትም በኋላ ደውዬ ዘርዝሬ ነገርኳት። ባለፈው ሳምንት መልሳ ስትደውል ባለቤቷ የማታ ሥራ ማግኘቱን አበሠረችኝ። እንኳን ደስ ያላችሁ አልኳት፤ በስንት ሰዓት እንደሚገባ ግን መጠየቄ አልቀረም። «እስከ 3 ሰዓት ይደርሳል ጋሼ» አለችኝ።